ዘፋኙ የት አለ?

ባለፈው እንቁጣጣሽ ማታ፣ ከፉትስክሬይ ብዙም በማይርቅ አዳራሽ ውስጥ፣ አንዲት የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ፒያኖ ፊት ተቀመጠች። በፕሮግራሙ ወረቀት ላይ ስሟ ከራት በኋላ፣ ከዲጄው በፊት ሰፍሯል፤ አጠገቡ «ክላሲካል» ተብሎ ተጽፏል። ፒያኖው ጥግ ይዞ ለዓመታት የቆመ፣ የወረቀት ሳህንና የለስላሳ ጠርሙስ ሲደረደርበት የኖረ ነው። መሃል ላይ ያሉ ሁለት ቁልፎቹ አንዴ ከተነኩ አይመለሱም። ልጅቷ ይህን ያወቀችው እኛው ፊት ነው። የመጀመሪያውን ሐረግ ስትጫወት አንዱ ቁልፍ ወርዶ ቀረ። ቆም አለች፤ በጥፍሯ ፈልቅቃ አነሣችውና እንደገና ጀመረች። ከዚያ በኋላ እነዚያን ሁለት ቁልፎች አልነካቻቸውም። ትዝታውን ይዛ ወደ ታችኛው የድምፅ ክፍል ወረደች፤ ግራ እጇ አንድ ድምፅ ላይ እየተመላለሰ ቀኝ እጇ ዜማውን ይፈልገው ጀመር፤ ያዝ አደረገችው፣ ለቀቀችው፣ ከሌላ በር ገባችበት።

ሰዉ ያወራል። እኔም አወራለሁ፤ ከጎኔ ካለው ሰው ጋር ስለ ቤት ወለድ። አራተኛው ደቂቃ ላይ የመድረክ መሪው ማይክራፎኑን አነሣና «እጅግ በጣም እናመሰግናለን! ለልጃችን ሞቅ ያለ ጭብጨባ!» አለ። አልጨረሰችም ነበር። አጨበጨብን። እጇን አንሥታ ፈገግ አለች። ከኋላዬ አንድ ሰው «እሺ፣ አሁን ዘፋኙ የት አለ?» ሲል ጠረጴዛው ሁሉ ሣቀ። እኔም ሣቅሁ።

ይህን የምጽፈው በዚያ ሣቅ ስላፈርሁ ነው። ነገሩ ግን የአንድ ማታ ጨዋነት ጉድለት ቢሆን ኖሮ ለኮሚቴው አንድ መስመር መልእክት ይበቃው ነበር። እኔ የምከራከረው ከዚያ ስለሚሰፋ ነገር ነው። አንድ ሰው፣ አንድ መሣሪያ፣ እዚያው ተቀምጦ እየፈለገ የሚያገኘው ጨዋታ፤ ይህ ከእኛው ቤት የወጣ፣ ምናልባትም ካለን ሁሉ የቆየው የሙዚቃ ዓይነት ነው። እኛ ግን «ዘፋኝ የሌለው» ብለን ሰየምነው፤ ስሙን ስለሳትነውም መስማቱ ጠፋን።

እስቲ ከስሙ እንጀምር። በሌላው ዓለም «ክላሲካል» ሲባል የባኽና የሞዛርት ወገን ማለት ነው። በእኛ አማርኛ ትርጉሙ ሌላ ነው፤ ድምፃዊ የሌለበት ማለት ነው። ዋሽንትም ቢሆን፣ ሳክስፎንም ቢሆን፣ የጥላሁንን ዘፈን አንድ ሰው በኪቦርድ ቢጫወተውም «ክላሲካል» ነው። ለመሆኑ በልጅነታችን ክላሲካል የምንሰማው መቼ ነበር? ቴሌቪዥኑ ሥርጭት ሲቋረጥበትና ይቅርታ ሲጠይቅ፤ ሬዲዮው ዜና ሊያነብ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው፤ ትልቅ ሰው ሞቶ አገር ሲያዝን፤ የሠርግ እንግዳ ምግብ አንሥቶ ቦታ እስኪይዝ። ቃሉ ያስተማረን አንድ ነገር ነው፤ ይህ ሙዚቃ ዋናው ነገር እስኪመጣ መቆያ ነው። ልጅቷን ያቋረጣት የመድረክ መሪ ክፉ ሰው አይደለም። በልጅነቱ በተማረው መሠረት ዋናው ነገር ዘገየበት እንጂ።

የዚህ ስያሜ ጉዳት በጉልህ የሚታየው በኃይሉ መርጊያ ታሪክ ነው። (አንቱ ልለው በተገባ ነበር፤ የምንወደውን ሙዚቀኛ አንተ ማለት ልማዳችን ስለሆነ ይታለፍልኝ። ዓመቶቹን ሁሉ ደግሞ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ኃይሉ የዋልያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች ነበር። ባንዱ በአዲስ አበባ ሒልተን የሚጫወት፣ በ1977 «ቼ በለው»ን ያሳተመ፣ «ሙዚቃዊ ስልት» የተባለው ያለ ድምፃዊ የተሠራ ጨዋታው ዛሬም በየአገሩ ያሉ ባንዶች የሚጫወቱለት ነው። በ1981 ባንዱ አሜሪካ ሄደ፤ ኃይሉ እዚያው ቀረ። በ1985 ዋሽንግተን ውስጥ ስቱዲዮ ገብቶ አኮርዲዮን፣ ሮድስ ፒያኖ፣ ሙግና የከበሮ ማሽን ይዞ ብቻውን አንድ ካሴት ቀረጸ። የካሴቱ የእንግሊዝኛ ርዕስ ምን ይላል? «ኃይሉ መርጊያና ክላሲካል መሣሪያው»። ራሱ ሰውየውም ለሥራው ሌላ ስም አላገኘለትም፤ ቃሉን ከእኛ ነው የወሰደው።

ከዚያ ታክሲ ነዳ። ለዓመታት ዋሽንግተን ዳለስ አውሮፕላን ማረፊያ ተሰልፎ ተሳፋሪ ሲጠብቅ ከመኪናው ኮፈን ትንሽ ኪቦርድ አውጥቶ ኋላ ወንበር ላይ ይለማመድ እንደነበር ብዙ ጊዜ ተጽፏል። ያንን የ1985 ካሴት ባሕር ዳር ላይ አግኝቶ በ2013 እንደገና ያሳተመው አሜሪካዊ ነው። እኛ ደግሞ ያ ካሴት በየቤታችን ነበር፤ እንግዳ ሲመጣ ከቡና ጋር እናስከፍተው ነበር። እንደ ዕቃ ቤታችን ተቀምጦ እንደ ሙዚቃ የሰማው ሌላ ሰው መሆኑ ሊያሳፍረን ይገባል። እኛ ግን «ዓለም አወቀን» ብለን ፎከርንበት።

አውስትራሊያ ላለን ሰዎች ጉዳዩ ከዚህም ይቀርባል። በ2018 ኃይሉ «ላላ በሉ» የተባለውን አልበም ሲያወጣ አብረውት የተጫወቱት ሁለቱም አውስትራሊያውያን ናቸው፤ ቤዝ ማይክ ማይኮቭስኪ፣ ከበሮ ቶኒ በክ። በክ ከ1987 ጀምሮ በሲድኒው «ዘ ኔክስ» ባንድ ውስጥ የቆየ ሰው ነው። «ዘ ኔክስ» ፒያኖ፣ ቤዝና ከበሮ ይዘው መድረክ ላይ ይወጡና ምንም ሳይመካከሩ አንድ ሰዓት ያህል የሚፈስ አንድ ጨዋታ እዚያው ይፈጥራሉ። አድማጩ ዝም ብሎ ይቀመጣል። ዜማው ይለወጥ አይለወጥ የማያስታውቅ እስኪሆን ድረስ በዝግታ ይሄዳል፤ ልክ ከጎንደር ወደ ደባርቅ ስትሄድ ዳገቱ መቼ እንደጀመረ እንደማታውቀው።

ይህን ዓይነት ትዕግሥት የለመደ ከበሮ መቺ «ላላ በሉ» ላይ አምስት ጨዋታ ይጫወታል፤ ትዝታ አለ፣ አዲስ ናት አለ፣ ጉም ጉም አለ፣ አንቺሆዬ አለ፣ የአልበሙ ስም የሆነው አለ። ስድስተኛውና መጨረሻው ላይ ግን ከበሮ የለም፤ ቤዝም የለም። ኃይሉ ብቻውን ፒያኖ ላይ ነው። ርዕሱ «የፍቅር እንጉርጉሮ» ነው።

ያቺን ርዕስ ሳያት ነው የቸገረኝ ነገር ስም ያገኘው። እንጉርጉሮ! እንዴት ረሳነው? እንጉርጉሮ ለመድረክ የሚባል አይደለም። ሴትየዋ ወፍጮ ላይ ሆና፣ እረኛው ብቻውን መስክ ላይ፣ መንገደኛ በቅሎ ላይ፣ ለማንም ሳይሆን ለራሱ የሚለው ነው። አንድ ዜማ ይጀምራል፤ ቃል ሲያጣ ያንጎራጉራል፤ ቃል ሲመጣለት ይጨምርበታል፤ ነገ ያንኑ እንዲደግም የሚጠይቀው የለም። ጃዝ ተማሪዎች በብዙ ሺህ ዶላር ትምህርት ቤት ገብተው የሚማሩት ይህንን ነው። ኃይሉም ከሠላሳ ዓመት በላይ አልፎ «ክላሲካል» የሚለውን ትቶ ትክክለኛውን ቃል አልበሙ መጨረሻ ላይ አስቀመጠው። ብቻውን የቀረ ፒያኖ ክላሲካል አይደለም፤ እንጉርጉሮ ነው።

አሁን ደግሞ ወደ ሌላው ወገን ልዙር፤ ጥፋቱ የእኛ ብቻ አይደለምና።

ብራንዝዊክ ውስጥ 19 ቁጥር ትራም ከሚያልፍበት መንገድ ዳር አንድ ካፌ እሄዳለሁ። አንድ ቀን ጠዋት የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ፒያኖ ተከፍቷል። ደነገጥሁ፣ ደስም አለኝ። ቡናውን የሚያፈላውን ልጅ «ማን እንደሆነች ታውቃለህ?» አልሁት። «ኢትዮጵያዊት መነኩሴ ናት፤ በጣም ነው የምታዝናና፣ ደንበኛ ሲበዛ ሁልጊዜ እሷን ነው የምከፍተው» አለኝ። የመድረክ መሪያችን ዲጄው እስኪዘጋጅ ያስጫውታል፤ ይህ ልጅ ወተቱ እስኪሞቅ ያስጫውታል። ልዩነታቸው አልታየኝም።

እማሆይን ያገኛቸው ዕጣ ግራ የሚያጋባ ነው። በ1923 አዲስ አበባ ተወለዱ፤ በስድስት ዓመታቸው ስዊዘርላንድ ተልከው ፒያኖና ቫዮሊን ተማሩ፤ በጣሊያን ወረራ ከቤተሰባቸው ጋር አዚናራ ደሴት ታሰሩ፤ ከጦርነቱ በኋላ ካይሮ ላይ አሌክሳንደር ኮንቶሮቪች ከተባለ መምህር ዘንድ በጥብቅ ተማሩ፤ ከዚያም ግሸን ማርያም ገብተው መነኮሱ። የመጀመሪያ ሸክላቸው በ1967 ጀርመን ውስጥ ታተመ። ከ1984 ጀምሮ እስካረፉበት እስከ መጋቢት 2023 ድረስ ኢየሩሳሌም ኖሩ። በ2006 ሥራዎቻቸው «ኢትዮፒክስ» በተባለው ተከታታይ ዕትም ቁጥር 21 ሆነው ወጡ፤ ከዚያ ወዲያ ፊልም ሠሪውም፣ የልብስ መደብሩም፣ ካፌውም ወሰዳቸው። «ፓሲንግ» የተባለው የ2021 ፊልም ሙዚቃቸውን ተጠቅሟል፤ ከዚያ በፊት ቢቢሲ ስለ እሳቸው ፕሮግራም ሠርቶ የመጠጥ ቤት ፒያኖን ከምንኩስና ያጋባ ስም ሰጥቷቸው ነበር።

ነገር ግን እማሆይ የጃዝ ሰው አይደሉም፤ እዚያው ቁጭ ብለው የመጣላቸውን የሚያንቆረቁሩ ሴትም አይደሉም። ሥራዎቻቸውን በኖታ የጻፉ፣ ኖታዎቹም በመጽሐፍ የታተሙላቸው ደራሲ ናቸው። የግርማ ይፍራሸዋም ነገር እንዲሁ ነው፤ በ2014 በወጣው አልበሙ ላይ ያሉት «አምባሰል»ና «ሰመመን» የተጻፉ ድርሰቶች ናቸው፣ ሶፊያ የተማረ ፒያኒስት በጥንቃቄ የቀመራቸው። የሜልበርን ጆሮ ሁለቱንም ከኃይሉ ጋር አንድ ከረጢት ውስጥ ከትቶ «የሚያረጋጋ» ብሎ ይጽፍበታል። የኔ ቅሬታ በማድነቃቸው አይደለም። ድርሰቱን ከእንጉርጉሮው ሳይለይ የሚያደንቅ ሰው ሁለቱንም አልሰማም። መነኩሴ ስለሆኑ ሙዚቃቸው ጸሎት ነው ብሎ መደምደም ደግሞ አንዲት በካይሮ ሙቀት ቀን ከሌት ፒያኖና ቫዮሊን ላይ የደከመች ወጣት ልፋት መንጠቅ ነው።

ከወገኖቼ የምሰማው ትልቁ መከራከሪያ ይህ ነው፦ «ብቻ መጫወት፣ ሰውን አስቀምጦ ጣት ማየት፣ የፈረንጅ ነገር ነው። የእኛ ሙዚቃ ጭፈራ ነው፣ ቅብብል ነው።»

ይህን የሚል ሰው በገና ሰምቶ ያውቃል? ዐቢይ ጾም ላይ አንድ ሰው አሥር አውታር ያለው መሣሪያ እግሮቹ መካከል አድርጎ፣ በለሆሳስ፣ ብዙውን ጊዜ ለራሱና ለፈጣሪው ይደረድራል። ዓለሙ አጋ በ«ኢትዮፒክስ» ቁጥር 11 ላይ ብቻውን ነው ያለው። ማንም ዲጄውን አልጠየቀም።

ቅኔስ? ዋሸራ ወይም ጎንጅ የቆየ ሰው ይነግራችኋል፤ ባለ ቅኔ ቅኔ «ይዘርፋል» ነው የሚባለው። ሁለት ቤት ያለው ጉባኤ ቃና ይሁን ስምንት ቤት ያለው መወድስ፣ ልኩ የታወቀ ነው፤ ዜማው የታወቀ ነው፤ በዚያ ልክ ውስጥ የሚገባው ነገር ግን የዚያች ቀን፣ የዚያች ሰዓት ነው። ትናንት የተባለውን ቅኔ ዛሬ ደግሞ ማቅረብ ነውር ነው። እስቲ ይህን ለአንድ የጃዝ ተጫዋች ንገሩት። ልኩ ይታወቃል፣ ዜማው ይታወቃል፣ ይዘቱ እዚያው ይወለዳል፣ አይደገምም። «ይኸማ የኔ ሥራ ነው» ይላችኋል። በአማርኛ «ኢምፕሮቫይዜሽን» እያልን አፋችን ከሚሰበር «ዘረፋ» ብንለው ምን ነበረበት? ሌብነት ይመስላል የሚል ካለ፣ ሊቃውንቱ ያን ሳያውቁ ቀርተው አይመስለኝም።

ጌታቸው መኩሪያንም ላንሣ። ሽለላን ወደ ሳክስፎን አሻገረው። ሽለላ ምንድን ነው? ዘማች ወደ ጦር ሲሄድ፣ አዳኝ ግዳይ ጥሎ ሲመለስ፣ ደሙ እየፈላ የሚለው ነው። ልኩን የሚወስነው የተናጋሪው ትንፋሽ ነው። ጌታቸው ያንን ትንፋሽ ሳክስፎን ውስጥ ሲያስገባው ድምፁ ይሰነጠቃል፣ ይጮኻል፣ ይንቀጠቀጣል። ፈረንጆቹ በኋላ ሲሰሙት አሜሪካ ከበቀለው ከነፃው ጃዝ ጋር ያለውን ዝምድና አይተው ተገረሙ። ዝምድናው አለ፤ የተወለደው ግን እዚያ አልነበረም። በ2006 ከደች ባንዱ «ዘ ኤክስ» ጋር «ሞዓ አንበሳ»ን ሲያሳትም በዕድሜ ከሁሉም የሚበልጠው እሱ ነበር፤ የሚያስተምረውም እሱ።

ስለዚህ የመሣሪያው ነገር ብቻ ነው የሚቀረው፤ ፒያኖ በርግጥም የፈረንጅ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ልጅቷ ያደረገችውን ለመረዳት ያስፈልጋልና።

ትዝታ አምስት ድምፅ ነው። ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ። ማይነሩ ትዝታ ሚንና ላን ግማሽ ድምፅ ዝቅ ያደርጋቸዋል፤ ልብ የሚበላው እሱ ነው። ማሲንቆ ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው ሲሄድ ይንሸራተታል፤ መካከሉ ላይ ያለውን ሁሉ እየነካ ያልፋል። ዘፋኝም እንዲሁ። ፒያኖ ይህን አይችልም። መዶሻ ነው፤ ይመታል፣ ድምፁ ይሞታል። ፒያኖ ላይ ትዝታ የሚጫወት ሰው በሙሉ የሚታገለው ከዚህ ጋር ነው። እማሆይ ከዋናው ድምፅ በፊት ፈጠን ያሉ ትንንሽ ድምፆችን እየረጩ መንሸራተቱን ያስመስሉታል፤ ጊዜውንም እንደ ዜማ ሊቅ ትንፋሽ ያዝ ለቀቅ ያደርጉታል። ኃይሉ አኮርዲዮን ስላደገበት የቀኝ እጁ ሐረግ እንደ ወናፍ ይተነፍሳል። ሳሙኤል ይርጋ «ጉዞ» በተባለው የ2012 አልበሙ ላይ ሌላ መንገድ ሞከረ፤ ከቅኝቱ ወጣ ብሎ የጃዝ ኮርድ ውስጥ ይገባና ሊመለስ አይችልም ስትሉ ይመለሳል። እነዚህ መልሶች እርስ በርሳቸው ይለያያሉ፤ ክርክር አለባቸው። ክርክሩን ለመስማት ግን መጀመሪያ ዝም ማለት ያስፈልጋል።

ልጅቷ በዚያ ማታ የገጠማት ችግር ደግሞ ተደራራቢ ነበር፤ የፒያኖው ተፈጥሮና የዚያ ፒያኖ ብልሽት። ጥር 24 ቀን 1975 ኪት ጃሬት ኮሎን ከተማ ላይ የቀረበለት ፒያኖ ያዘዘው አልነበረም፤ ትንሽ፣ ላይኛው ድምፅ የሳሳ፣ ታችኛው የማያስተጋባ ነበር። አልጫወትም ሊል ነበር። በኋላ ተቀመጠና ጨዋታውን መካከለኛው ክፍል ላይ አደረገው፤ ግራ እጁን እያመላለሰ የጎደለውን ጉልበት ሞላው። ያ ቅጂ በዓለም እጅግ ከተሸጡት የሶሎ ፒያኖ አልበሞች አንዱ ሆነ። ጃሬትንና ልጃችንን በችሎታ እያወዳደርሁ አይደለም፤ እሱ በዚያን ጊዜ የታወቀ ጌታ ነበር። የማወዳድረው አዳራሾቹን ነው። እዚያ ያለው ሕዝብ ፒያኖው ወደፈቀደለት ቦታ ሲሄድ አብሮት ሄደ። እኛ ከፒያኖው ማምለጧን እንኳ አላየንም።

ሁለተኛው መከራከሪያ ከመጀመሪያው ይጠነክራል፤ አከብረዋለሁም። «አማርኛ ሙዚቃ ግጥም ነው። ሰም አለ፣ ወርቅ አለ። ዘፋኙን ካወጣኸው ምን ቀረ?» ይላሉ። እውነት አለው። አዝማሪ ቤት ገብታችሁ ማሲንቆው ሲጀምር ጆሮ የሚቆመው ለስንኟ ነው። ግን አዝማሪ ቤት ሌላም ነገር አለ፤ «ተቀበል!» የሚለው ሰው። አድማጩ ስንኝ ያቀብላል፤ አዝማሪው ተቀብሎ ያዜመዋል። አድማጭ ቁጭ ብሎ የሚቀለብ አይደለም፤ የሚሰጠው ነገር አለው። ብቻውን ያለ ፒያኖ ትዝታ ሲጫወት ቃል የለውም ማለት ቃሉን የምታቀብሉት እናንተ ናችሁ ማለት ነው። እኔ በበኩሌ «የፍቅር እንጉርጉሮ»ን ስሰማ የማን ድምፅ እንደሚመጣብኝ አውቃለሁ፤ ለማንም አልነግርም። ዘፋኝ ቢኖር የእሱን ፍቅር ነበር የምሰማው።

«ደክሞናል» የሚሉም አሉ። በዚህ ላይ መቀለድ አይገባኝም። እዚህ ከተማ የአረጋውያን ቤት ውስጥ ሌሊት አድሮ በዓል የሚመጣ ሰው አለ፤ ከመጋዘን ሥራ በቀጥታ የሚመጣ አለ፤ ኡበሩን ውጪ አቁሞ አንድ ሰዓት ብቻ ያለው አለ። ትከሻ መነቅነቅ ይፈልጋል፣ መብቱ ነው። ግን አድካሚ ሥራ ጆሮን የሚዘጋ ቢሆን ኖሮ አውሮፕላን ማረፊያ ተሰልፎ በሁለት ተሳፋሪ መካከል ኪቦርድ የሚያወጣ ሰው ባልኖረ ነበር። ሃያ ደቂቃ ነው የምጠይቀው፤ ዲጄው እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ይኖርላችኋል።

ስለ ከተማችን አንድ ነገር ብዬ ላብቃ። ሜልበርን ለዚህ ነገር ክፉ ቦታ አይደለችም። ሙላቱ አስታጥቄ ከዚሁ ከተማ ባንድ ከብላክ ጂሰስ ኤክስፒሪያንስ ጋር በ2016 «ክሬድል ኦፍ ሂውማኒቲ»ን፣ በ2020 «ቱ ኖው ዊዝአውት ኖዊንግ»ን አውጥቷል። ብራንዝዊክ ያለው ጃዝላብ ውስጥ ሰው ተቀምጦ ዝም ብሎ ይሰማል፤ ብርጭቆ እንኳ በጥንቃቄ ነው የሚቀመጠው። የኢትዮጵያ ቅኝት የሚጫወት ሰው በመጣ ቁጥር እሄዳለሁ፤ ወገን ስቆጥር ብዙ ጊዜ የአንድ እጄ ጣት ይበቃኛል። በማግስቱ ፌስቡክ ላይ ግን ሁላችንም አለን፤ «ባህላችን በዓለም መድረክ»። ለጎረቤት ያማረውን ልጅ የማናውቀው ወላጆች ሆነናል። እዚህ የተወለዱት ልጆቻችን ፒያኖ ይማራሉ፤ መምህራኖቻቸው ሾፓን ይሰጧቸዋል፤ ቤት ውስጥ ትዝታ ይሰማሉ። ሁለቱን የሚያገናኙት ራሳቸው ናቸው፣ ማንም ሳያዛቸው። ያቺ ልጅ ያን ማታ ያደረገችው እሱን ነው። ይህን ሠርተው ወደ እኛ ሲያመጡት «ክላሲካል» ብለን ከራትና ከዲጄ መካከል ካስቀመጥነው፣ ሁለተኛ አያመጡትም፤ ጃዝላብ ነው የሚወስዱት፣ እኛም እዚያ አንገኝም።

የልጅቷን እናት ከዚያ በኋላ ገበያ ላይ አገኘኋት። ይቅርታ ጠየቅሁ። «ምንም አይደል፣ እሷም ረስታዋለች» አለችኝ። ቆየት ብላ «ቀሪውን ቤት ሄዳ ተጫወተችው፤ እስከ ሰባት ሰዓት» አለች።

እነሆ ነሐሴ ገባ። ዋትል የሚሉት የዚህ አገር ዛፍ ቢጫ አበባውን በየመንገዱ አውጥቷል። እዚህ ያለ ሰው እንቁጣጣሽን በትክክለኛው ወቅት ያከብራል፤ መስከረም ለእኛም ለአገሩም ክረምት የሚወጣበት ነው፣ አደይ ባይኖርም ቢጫ አለ። ለበዓል ኮሚቴው ባለፈው ሳምንት መልእክት ላክሁ። ሃያ ደቂቃ፣ ከራት በፊት፣ ወንበር ወደ ፒያኖው ዞሮ፣ ማይክራፎን ጠፍቶ፤ የፒያኖ ቃኚውን ሒሳብ እኔ እከፍላለሁ፤ ፕሮግራሙ ላይ «ክላሲካል» የሚለው ወጥቶ «እንጉርጉሮ» ይባል፤ ልጅቷ ፈቃደኛ ናት አልሁ።

በሁለተኛው ቀን መልስ መጣ። «በጣም ጥሩ ሐሳብ ነው ወንድማችን፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። ዘፋኙ ማን ነው?»

ቃኚውን ለቅዳሜ ጠዋት ቀጥሬዋለሁ።